የፍሰሃ ሙሾ

ወልዲያ፣ መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ሚስት ለሮዛ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? ሓርነትስ እንዴት ናት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ቀን አልተጻፈበትም። ደብዳቤሽን ያመጣልኝ የሁሪያ ልጅ ዓሪፍ መኪናውን ከአዲስ አበባ ያስነሳበትን ቀን ጠይቄ በራሴ እጅ ሞልቼበታለሁ። ሁለተኛ እንዳይደገም።

ስለ ዕድሜዬ ያነሳሽውን አነበብኩ። አርጅቻለሁ፣ ግን መቆም አላቃተኝም። እስከ ዛሬ የሚያስቆመኝ ነገር ስላልነበረ ተቀምጬ ነበር። አሁን አለ።

ጳጉሜን ላይ ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ተሳፍሬ ነበር። ነጂው ዘፈን ከፍቷል። ጩኸቱ ራሴን ሲያዞረኝ «ቀንሰው እንጂ ልጄ» ልለው አፌን ስከፍት ቃሉን ሰማሁት።

ባቡሩ መጣ ወይ ሐራ ላይ ጠይቁልኝ፣
ሲመጣ ቀስቅሱኝ ብሎ ነው የተኛብኝ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ትከሻዋን ትሰብቃለች። ሮዛ፣ ይህ ፍሰሃ ሲሞት እኔ ያወረድኩት ሙሾ ነው። ሐራ የባቡሩ ሥራ ላይ ተቀጥሮ፣ ሥራው ቆሞ እቤት ሲውል፣ ጠዋት ስቀሰቅሰው «ባቡሩ ሲመጣ ቀስቅሽኝ» እያለ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር እንደነበር ታውቂያለሽ። ከዚያ ነው ያመጣሁት። ቀጥሎ ያለውን እኔ እንዲህ ነበር ያልኩት፦

ፍሰሃ ተብሎ ሲጠሩት ዝም ካለ፣
ነጠላዬን ግለጡት ከጉያዬ አለ።

ዘፋኙ የሚለው «ሸጋዬ ተብሎ» ነው። የልጄን ስም አወጣና ሸጋዬ አስገባበት።

«ማነው የሚዘፍነው?» አልኩት ነጂውን።

«ኧረ እማማ፣ ሳሙኤልን አያውቁትም? የመርሳው! ዘንድሮ ያለሱ ሰርግ የለም እኮ» አለኝ።

አውቀዋለሁ። አንቺ ወደዚህ ቤት ሳትመጪ፣ ከመርሳ ተልኮልኝ ሁለተኛ ደረጃን እኔ ቤት ተቀምጦ ነው የጨረሰው። ከፍሰሃ ጋር በአንድ አልጋ ይተኙ ነበር። ክፍል ውስጥ አማርኛም ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሙሾ የሟቹ ንብረት መሆኑን፣ ለሌላ እንደማይዋስ፣ እንደማይጨፈርበት ማንም ሳያስተምረው ያውቃል።

ኅዳር 6 እና 7 እዚያ አዲስ አበባ ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል እንዳለ፣ እሱም እንደሚዘፍን ዓሪፍ ነግሮኛል። እኔና ሁሪያ፣ ከግራና ከተማ ደግሞ ሁለት ሙሾ አውራጆች እንመጣለን። አራት ቲኬት ግዢልን። ወንበር ይኑር አይኑር፣ እስከ መድረኩ ሥር መጠጋት ይቻል እንደሆነ፣ እሱ የሚወጣው በየትኛው ቀንና በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ በር ላይ ምን እንደሚከለከል አጣርተሽ ጻፊልኝ።

በስልክ አትደውዪ። በስልክ ታለቅሻለሽ፣ ስታለቅሺ ደግሞ ዋናው ነገር ይቀራል።

ትብለፅ ወልደኪዳን


አዲስ አበባ፣ መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ፣

እማማ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ በዚህ ብርድ እንዴት ሆነ? ቀኑን ጽፌያለሁ። ለዘገየሁበት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሓርነትን ጉንፋን ይዟት እንቅልፍ አጥተን ነበር። አሁን ተሽሏታል።

የጠየቁኝን አጣራሁ። ወንበር የለም፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ነው የሚያየው። በሩ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ይከፈታል። ሳሙኤል የሚወጣው በመጀመሪያው ቀን ቅዳሜ ነው፤ ሰዓቱን ግን «መሸት ሲል» ከማለት በቀር የሚናገር የለም። ቦርሳ ይፈተሻል፣ ጠርሙስ አይገባም፣ እጅ ላይ የሚታሰር ነገር ይሰጣሉ። መድረኩ ሥር ለመቆም ቀድሞ መግባትና እስኪመሽ ከቦታ አለመነቃነቅ ያስፈልጋል። እማማ፣ ወጣቱ ይጋፋል። ድምፁ ደረት ውስጥ ነው የሚገባው። ለእኔ እንኳ ይከብደኛል። ቲኬቱም ሊያልቅ ነው ይላሉ፤ ሞክሬ አላገኘሁም።

ሰው ዘፈኑን የሚወደው በክፋት አይደለም። ምን እንደሆነ አያውቅም። ሳሙኤልም በራሱ መንገድ ፍሰሃን ሊያስብበት ፈልጎ ይሆናል። ሙሾውን ከየት እንዳገኘው ግን አላውቅም። ለቅሶው ላይ ያልነበረ ሰው የለም፣ ስልክ ያልያዘም የለም።

እናቱ እትዬ በላይነሽ ደም ግፊት አለባቸው። ከሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ይህን የማነሳው ምን እንዳሰቡ ስላልነገሩኝ ነው። ይንገሩኝ፤ ፈርቻለሁ።

ልጅዎ ሮዛ


ወልዲያ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሮዛ፣

እንደምን ከረማችሁ? ለልጅቷ ማር ልኬያለሁ። ሁሪያ መርጣ የገዛችው ነው፤ በሻይ ማንኪያ ስጫት፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ አትጨምሪው።

ምን እንዳሰብኩ ይኸውልሽ። እሱ ሙሾዬን ዘፈን አድርጎታል። እኔ ዘፈኑን ሙሾ አደርገዋለሁ። አራታችንም ጥቁር ለብሰን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን መድረኩ ሥር እንቆማለን። ያቺ ቃል ላይ ሲደርስ ደረታችንን እየመታን እኛ እናወርዳለን። ስም ይገባበታል። «ሸጋዬ» አንልም። «ሳሙኤል ተብሎ ሲጠሩት ዝም ካለ» እንላለን። በቁሙ ይለቀስለታል። ከዚያ ወዲያ ያንን ዘፈን በጀመረ ቁጥር የገዛ ለቅሶው ይሰማው።

ለግራናዎቹ ሴቶች ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። በቁሙ ያለ ሰው ላይ አልቅሰው አያውቁም። ትልቋ «እትዬ፣ ይሄ እኮ ይደርሳል» አለችኝ።

«እንዲደርስ ነው» አልኳት።

ሁሪያ ደግሞ «አስተግፊሩላህ! እኔ እሄዳለሁ፤ አንቺን ብቻሽን ለዚያ ሁሉ ጎረምሳ አልለቅም። የሱን ስም ግን ከአፌ አላወጣም። እኔ እዚያም ቆሜ ለፍሰሃ ነው የማለቅሰው» አለች። ይሁን አልኳት።

በላይነሽ ያላት አንድ ልጅ ነው ብለሽኛል። የኔስ ስንት ነበር?

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ሳሙኤል ሙሾውን ከየት እንዳገኘው አልጠየቅሁሽም። አንቺ ግን መለስሽልኝ።

ለቅሶው ላይ ያልነበረ ሰው የለም አልሽ። እኔ ድንኳን ውስጥ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። «አስተማሪ ስለሆነች እንባ ታፍራለች» ተብዬ ታምቼበታለሁ። ሳጥኑን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰዎች ደግፈው መኝታ ቤት አስገቡኝ። አንቺን እርጉዝ ቀብር አትሄድም ብለው ከኔ ጋር አስቀሩሽ። ሁሪያ እግሬን ትይዝ ነበር። ሙሾው የወረደው እዚያ፣ ያኔ ነው። ሰው ሲመለስ አፌን ዘግቼ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ አላልኩት። ሳሙኤል በዚያ ሰዓት ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር።

ሁሪያ ስልኳ ሲጮህ እንኳ የሚያነሳላት ሰው የምትፈልግ ሴት ናት።

የቀረውን አንቺ ጻፊልኝ። እጠብቃለሁ።

ትብለፅ ወልደኪዳን


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

እማማ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። አራቱን ቲኬት ገዝቻለሁ። አላገኘሁም ያልኩት ውሸት ነበር።

የቀዳሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን ማልቀስ አቃተኝ። በጮኽኩ ቁጥር «ለልጁ እዘኚለት፣ ዝም በይ» ይሉኝ ነበር። እርስዎ ሲጀምሩ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ከፈትኩት፤ ለምን እንዳደረግሁት ያኔም አላውቅም። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ግን ሓርነት እስክትወለድ ድረስ እሱን እየሰማሁ ነው የኖርኩት። እርስዎ ለእኔም ጭምር ያለቀሱልኝ ይመስለኝ ነበር።

ሳሙኤል ልጅቷ ስትወለድ ሊጠይቀኝ መጣና አሰማሁት። አለቀሰ እማማ፣ እውነቴን ነው። «ሮዚ፣ ስሙ እንዳይጠፋ እዘፍነዋለሁ» አለኝ። ስሙ እንዳይጠፋ ብዬ ላክሁለት። ሲወጣ ስሙ የለም። ሄጄ «ለምን?» ስለው «በሞተ ሰው ስም ማን ይጨፍራል?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አላናገርኩትም። ግን እርስዎንም አልነገርኩም። የእርስዎን ፊት ፈራሁ።

ከደበቅሁት ልናገረው የቀረኝ አለ። ሓርነት ዘፈኑ የትም ሲከፈት ትጨፍራለች። ሰፈር ያሉ ልጆች ሁሉ ይጨፍራሉ፣ እሷም አብራ ትሽከረከራለች። የአባቷ ሙሾ መሆኑን አታውቅም። «ተይ» ስላት «ለምን?» ትለኛለች።

ይምጡ። አልጋውን ለእርስዎና ለእትዬ ሁሪያ አዘጋጅቻለሁ። ይናገሩኝ፣ ይምቱኝም። የሳሙኤልን ስም ብቻ አያስገቡ። ስለ እናቱ ብለው።

ሮዛ


ወልዲያ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሮዛ፣

ሰላምታ የቀረው ረስቼው አይደለም።

በመናዘዝሽ ጥፋትሽ አላነሰም፤ አሁን ግን ልኩን አውቄዋለሁ። የማላውቀው ጥፋት ይከፋብኛል። አንድ ነገር ላይ ልክ ነሽ፤ ለአንቺም አልቅሼልሽ ነበር።

«በሞተ ሰው ስም ማን ይጨፍራል» ያለውን ለሁሪያ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ሁለተኛውን ስጨርስ ተነስታ ወጣች። እንግዲህ በሱ ስም ይጨፈር እንደሆነ ኅዳር 6 እናየዋለን።

ልጅቷን አልቆጣትም። እኔ ባለሁበት ቤት ግን ያ ዘፈን አይከፈት።

መንገዱ ካልተዘጋ ዓርብ እንገባለን። ዓርብ ጾም ነው፣ ሁሪያም የክርስቲያን ሥጋ አትበላም፤ ሽሮ ለሁላችንም ይበቃል። በወጣት ፊት የምታፍሪብን ከሆነ በሩ ድረስ ብቻ አድርሽን።

ስሙን አስገባለሁ።

ትብለፅ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቤትሽ

ሮዛ፣

ትናንት ቀኑን ሙሉ ስልክሽን እንደያዝሽ ውጭ ዋልሽ፤ ስትገቢም አላናገርሽኝም። ዛሬ ደግሞ ገና ሳንነሳ ወጥተሻል። ዓሪፍ መኪናውን አሙቆ እየጠበቀን ስለሆነ ይህን ጽፌ እሄዳለሁ። ሓርነት ጎረቤትሽ ትዕግስት ጋ ናት፤ ቁርሷን በልታለች። ቁልፉም እሷ ጋ ነው።

ቅዳሜ ከበሩ ላይ ለምን እንደተመለስሽ አልጠይቅም። በቪዲዮ አይተሽዋል፤ ያላየው የለም ይላሉ። እዚያ ላይ የሚታየው ጀርባችንና ነጠላችን ብቻ ነው። የማይታየውን ልንገርሽ። ቃሏ ላይ ከመድረሱ በፊት አይቶኛል። አወቀኝ። እኛ ስሙን ስናስገባ ማይክሮፎኑ ከአፉ ሳይርቅ ድምፁ ጠፋ። ሙዚቃው ብቻውን ሄደ። ከኋላችን ይዘሉ የነበሩት ቆሙ። አንዲት ልጅ «ማን ሞቶ ነው?» ስትል፣ ትልቋ የግራና ሴት ዞር ብላ «ሳሙኤል» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ስልኩን አጥፍቶ የገባበት እንደጠፋ ለትዕግስት ስትነግሪያት ሰምቻለሁ። ይደበቅ። እኔ ቅዳሜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ፍሰሃ ከሞተ እንዲያ ተኝቼ አላውቅም። ይህንን ሳልነግርሽ ብሄድ ውሸታም እሆናለሁ።

ትብለፅ


መርሳ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሮዛ፣

ይህን የምጽፍልሽ በላይነሽ ግቢ ውስጥ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ተቀምጬ ነው። አዎ፣ ድንኳን ተጥሏል።

መርሳ ስንደርስ ዓሪፍ ጎማ ሊያስነፋ ቆመ። ከመንገዱ በላይ ለቅሶ ይሰማል። ጎማ የሚነፋውን ልጅ «ማን አርፎ ነው?» ስለው «አልሰሙም እንዴ? ሳሙኤል! መድረክ ላይ ነው የሞተው፤ ይኸው ሲለቀስለት» ብሎ ስልኩን አወጣ። የገዛ ጀርባዬን አሳየኝ።

ሁሪያ ክንዴን ጨበጠችኝ። «ሂጂና ንገሪያት» አለችኝ። ሁለታችንም ወረድን፤ የግራናዎቹ በሌላ መኪና ወደ ቀያቸው ሄዱ።

በላይነሽ ቪዲዮውን አይታ አላመነችም ነበር አሉኝ። ያመነችው አንቺ ስትደውዪላት ነው። «ሳሙኤል ደህና ነው፣ ደክሞት ስልኩን አጥፍቶ ነው፣ አይጨነቁ» ብለሻታል። ሮዛ፣ የሰው አገር ሰው ነሽ እንዴ? መርዶ እስኪነገር ድረስ ለእናት ሌላ ምን ይባላል? ለእኔስ ያን ጊዜ «ፍሰሃ ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው» አይደለም ወይ ያላችሁኝ? እሷም ስልኩን ጥላ ጮኸች፤ ጎረቤት ሰማ፣ ዕድሩ ድንኳኑን አመጣ። ከጠዋት ጀምሮ ደግሞ ኔትወርክ የለም።

እንደገባሁ አልነገርኳትም። ይህን ከአንቺ አልደብቅም። ከሴቶቹ መሀል ቦታ ለቀቁልኝና ተቀመጥኩ። ታልቅስ አልኩ። እኔ ባለቀስኩበት ልክ ታልቅስ። ስታየኝ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ «እትዬ ትብለፅ፣ አንቱ ልጅ ቀብረዋል። እንዴት ነው የሚቻለው?» አለችኝ።

«አይቻልም» አልኳት። ያልኩት እውነት ነው።

ከዚያ ሙሾውን አወረደችው። የኔን። ከቪዲዮው ላይ ሰምታ «ለልጄ የወረደለት» ነው የምትለው። ያለ ከበሮ፣ ያለ መሣሪያ፣ እኔ መኝታ ቤት ውስጥ ባልኩበት ዜማ፣ ቀስ አድርጋ። ሙሾ ሲወርድ አለመቀበል አይሆንልኝም። ደረቴን እየመታሁ «ሳሙኤል ተብሎ» ብዬ ተቀበልኳት።

ሲመሻሽ ሁሪያ ጠጋ ብላ «ትብለፅ፣ አላህ ያየናል። ይበቃታል» አለችኝ። ያኔ በሰው ሁሉ ፊት ነገርኳት። «በላይነሽ፣ ልጅሽ አልሞተም። ቅዳሜ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቪዲዮው ላይ ያለነው እኛ ነን። ሙሾውም የፍሰሃ ነው፤ ሳሙኤልን የከተትኩበት እኔ ነኝ» አልኳት።

ዓይን ዓይኔን አየችኝና ግንባሬን ሳመችኝ። «አንቱም ደህና ነው ሊሉኝ ነው?» አለችና ወደቀች። ሴቶቹ «እትዬ፣ ለምን ያስጨንቋታል?» ብለው ተቆጡኝ። ቅዳሜ ሞተ ስል ያ ሁሉ ሰው አመነኝ፤ ዛሬ አለ ስል የሚያምነኝ አጣሁ።

ፈልጊው። ከገባበት አውጥተሽ በመጀመሪያው መኪና ላኪው። ይህ ምሕረት እንዳይመስልሽ። ድንኳኑ ሳይነሳ፣ እናቱ ሳታቆም እንዲደርስ እፈልጋለሁ። ያን ሙሾ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሙሾ ይስማው። እስኪመጣ ከዚህ አልነሳም።

ኅዳር 9

ይህን ወረቀት ይዞ የሚመለስ መኪና ስላልተገኘ እቀጥልበታለሁ። አሁን ግን ትእዛዜ ሥራ የለውም። ሳልነግርሽ ልከሽዋል።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጣ። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ያዩት ሰዎች ደንግጠው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። በላይነሽ ጀርባዋን ሰጥታ ስለነበር አላየችም። እኔ አየሁት። ሲሰማ ፊቱን አየሁት፤ ያሰብኩት ሁሉ ፊቱ ላይ ነበር። እሷ ዓይኗን ጨፍና «ሳሙኤል ተብሎ ሲጠሩት ዝም ካለ» አለች።

እሱም የድንኳኑን ገመድ እንደያዘ፣ «አቤት እማ» አለ።

ቀጥሎ የሆነውን አልጽፈውም፤ ወረቀት አይበቃውም። ድንኳኑን ያፈረሱት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው።

ኋላ ወደኔ መጥቶ ጉልበቴን ያዘ። «ዘፈኑን ትቼዋለሁ፣ እትዬ። ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም» አለኝ። ከጳጉሜን ጀምሮ የፈለግሁት ይህንን ነበር። «ሰምቻለሁ» ብዬ እጁን ከጉልበቴ ላይ አነሳሁት። በላይነሽ ደግሞ እጄን ትስማለች። «አለ ብለውኝ ነበር እኮ! ያላመንኩዎት እኔ!» ትላለች። ሁሪያ አብራ ታለቅሳለች፣ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። እኔ ተነስቼ የዓሪፍ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ለገና ሓርነትን ይዘሻት ነይ። ሙሾውን በአባቷ ስም እኔ እነግራታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ትጨፍርበት እንደሆነ ራሷ ትወስናለች። ያንቺን ጉዳይ በልጅቷ ፊት አላነሳውም። ስትተኛ አነሳዋለሁ።

ያን ቀን መኝታ ቤት «ፍሰሃ ተብሎ ሲጠሩት» ካልኩ በኋላ ትንሽ ዝም ብዬ ነበር። ቅጂው ላይም ይሰማ ይሆናል። ትንፋሼን ለመሰብሰብ መስሎሽ ይሆናል። እየጠበቅሁ ነበር። እንደማይመልስ እያወቅሁ ጠበቅሁት። ሳሙኤል ስሙን ማውጣቱን፣ ሰርግ ለሰርግ ማስጨፈሩን፣ እንጀራዬን በልቶ መካዱን ቀስ በቀስ እተወው ይሆናል። በኔ ሙሾ ተጠርቶ «አቤት» ማለቱን ግን አልምረውም።

ትብለፅ ወልደኪዳን